ክረምት ሲወጣ የሚተከሉ የብርድ ወራት አበቦች

በከተማችን ብዙ ቤተሰብ አበባ የሚያስታውሰው በክረምት መግቢያ ነው። ሰኔ ሲደርስና ሰማዩ ሲጠቁር «ከእንግዲህ ዝናቡ ያጠጣልኛል» በሚል ተስፋ ከመንገድ ዳር ችግኝ ይገዛል፤ በአጥር ሥር ይተከላል። ሐምሌና ነሐሴ ያለ ማቋረጥ ሲዘንብ ከተተከለው ከፊሉ ሥሩ በውሃ ይበሰብሳል፤ ከፊሉን ጎርፍና ጭቃ ይቀብረዋል። ተርፎ ያበበውም ቢሆን ጥቅምት ሲገባ ውሃ ያጣና ይጠወልጋል። ከዚያ ወዲያ ደጁ እስከሚቀጥለው ሰኔ ባዶውን ይከርማል። የቤቱ እመቤትም «የኔ እጅ አበባ አያበቅልም» ብላ ትተወዋለች።

ጥፋቱ ግን የእጅ ሳይሆን የወቅት ነው። በደጋና በወይና ደጋ ከተሞች ብዙ የሚያማምሩ አበቦች የሚወዱት ዝናቡ የሚወጣበትን እንጂ የሚገባበትን ጊዜ አይደለም። በመስከረምና በጥቅምት የተዘሩ የብርድ ወራት አበቦች ሜዳው ሁሉ ደርቆ ቢጫ በሚሆንበት በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ያብባሉ። ይህንንም ለማግኘት ሰፊ ግቢና ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በዛሬው ዓምዳችን ሠራተኛዋ እናት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በ10 ደቂቃ ልትሠራው በምትችለው መጠን እንዴት እንደሚከናወን እንመለከታለን።

ወቅቱ ለምን ተስማሚ ሆነ?

ከተማችን «አዲስ አበባ» የሚለውን ስም ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ያገኘችው በ1879 ዓ.ም. መሆኑ የታወቀ ነው። ስሟን ያለ ምክንያት አላገኘችም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን እንደ አውሮጳ አገሮች ቀኑ እጅግ አያጥርም፤ መሬቱም በበረዶ አይሸፈንም። በዚያ አገር ብርድ ሲመጣ አትክልቱ ሁሉ ሲተኛ፣ በእኛ አገር ግን ብርድ ወዳዱ አበባ ፀሐይም ቅዝቃዜም ሳይጎድልበት ያድጋል ማለት ነው።

የዚህን ጥቅም ትልልቆቹ የአበባ እርሻዎች አስቀድመው ተረድተውታል። ኢትዮጵያ ዛሬ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት። በሆለታና በሰበታ አካባቢ ባሉት እርሻዎች የሚለማው ጽጌረዳ እንቡጡ ትልቅ፣ ዘንጉም ረጅም የሚሆነው በቀን ፀሐይና በሌሊት ቅዝቃዜ ምክንያት ነው። በእነዚህ እርሻዎች ከተሰማሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ይኸው ፀሐይና ይኸው ቅዝቃዜ ለእያንዳንዳችን ደጅ በነጻ የተሰጠ ስለሆነ ልንጠቀምበት ይገባል።

አባቶቻችንም ቢሆኑ ወቅቱን ስም አውጥተውለታል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ጊዜ «ወርኀ ጽጌ» ይባላል፤ የአበባ ወር ማለት ነው። አደይ አበባ ሜዳውን አልብሶ የሚያልፈው በዚህ አካባቢ ነው። አደይ ሲያበቃ ግን የአበባው ጊዜ አበቃ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሰው በእጁ ለሚያለማቸው አበቦች ተራው ገና መምጣቱ ነው።

የትኞቹ አበቦች ናቸው?

አበቦች ሁሉ ብርድን አይወዱም። ዚኒያና ዳሊያ ሙቀት ፈላጊዎች ናቸው፤ ማሪጎልድም ከእነርሱ ወገን ነው። ቅጠላቸውን ውርጭ ከነካው በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ስለዚህ ከገበያ ላይ ያማረውን ሁሉ ከማንሳት በፊት የትኛው ለየትኛው ወቅት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ለብርድ ወራት ከሚስማሙት መካከል በቀላሉ የሚለሙት አምስቱ የሚከተሉት ናቸው።

ካሌንዱላ፦ ብርቱካናማና ቢጫ ቀለም ያለው፣ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚያድግ አበባ ነው። ዘሩ ትልቅና የተቆለመመ ስለሆነ ልጆችም እንኳ ሊዘሩት ይችላሉ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበቅላል። አበባ ተክላ ለማታውቅ እናት የመጀመሪያዋ ቢሆን የተሻለ ነው።

ፓንሲ፦ ፊት ያለው የሚመስል፣ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል አበባ ነው። በጣሳም ይለማል፤ ከፊል ጥላም ይችላል። ዘሩ የሚበቅለው በጨለማ ስለሆነ በስሱ አፈር መሸፈን አለበት።

ስናፕድራጎን፦ አበባው በጣት ጎንና ጎኑን ሲጫኑት አፉን ይከፍታል፤ ስለዚህ ልጆች ይወዱታል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። ከፓንሲ በተቃራኒ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይመለስበትም፤ በእርጥብ አፈር ላይ በትኖ በመዳፍ ጫን ማድረግ ብቻ ይበቃል። ችግኙ 10 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉ ቢቀነጠብ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል።

አሊሰም፦ እንደ ምንጣፍ መሬት ለመሬት የሚዘረጋ፣ የማር ሽታ ያለው ደቃቅ ነጭ አበባ ነው። በመደብ ዳርቻና በጣሳ አፍ ላይ ሲዘራ ይወርድና ጣሳውን ይሸፍነዋል። የዚህም ዘር ብርሃን ስለሚሻ በላይ በላዩ ይበተናል።

ስዊት ፒ፦ እንደ አተር ሐረግ የሚወጣና እስከ 2 ሜትር የሚያድግ፣ መዓዛው ቤት የሚሞላ አበባ ነው። ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ ማታ በውሃ ተዘፍዝፎ ያድርና ጠዋት ይዘራል። አጥር ወይም የተወጠረ ሲባጎ ከተሰጠው ራሱ ይወጣል።

ዘር ያላገኘች ደግሞ ከጎረቤት የጀራኒየም ቁራጭ ብትለምን ማንም አይነፍጋትም። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ አበባ የሌለው ጫፍ ተቆርጦ፣ የታች ቅጠሎቹ ተነቅለው፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ቢተከል ሥር ይሰድዳል። ጀራኒየም ከባድ ውርጭ ባይችልም ግድግዳ ተጠግቶ ከቆመ የከተማችንን ብርድ ያልፈዋል።

ከገና ወደ ኋላ መቁጠር

ብዙዎች የሚሳሳቱት አበባውን ለበዓል ፈልገው በበዓሉ ዋዜማ መሮጣቸው ነው። ትክክለኛው ዘዴ አበባው የሚፈለግበትን ቀን ይዞ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ገና በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጥምቀት ደግሞ ጥር 11 ቀን ይውላል። ካሌንዱላና አሊሰም ከተዘሩ በኋላ በእኛ ቀዝቃዛ ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባሉ። ስለዚህ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ቢዘሩ ለገና ይደርሳሉ። ፓንሲና ስዊት ፒ ከ12 እስከ 14 ሳምንት ስለሚወስዱ እስከ መስከረም አጋማሽ መዘራት ይኖርባቸዋል። ስናፕድራጎን ከሁሉም ይዘገያል፤ ከ14 እስከ 16 ሳምንት ይፈልጋልና በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ቢጀመር መልካም ነው።

ይህ ጊዜ ያለፈባት እህት ተስፋ መቁረጥ የለባትም። በጥቅምት የተዘራ ስናፕድራጎን በየካቲት ያብባልና ለዓቢይ በዓል ባይደርስ ለበጋው ይደርሳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ የአበባ ዘር የሚፈልገው ችኮላን ሳይሆን በየቀኑ የሚያይ ዓይንን ነው።

በመስከረም ገና ዝናብ ስላለ ደቃቁ ዘር በቀጥታ በመደብ ቢዘራ ጠብታው ይገፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳህን ወይም ታችኛው በተበሳ ዝርግ ዕቃ ተዘርቶ ከጣራ ጫፍ ሥር ይቀመጥ። ደቃቁን ዘር ከአንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ ጋር መቀላቀል ተራርቆ እንዲበተን ይረዳል። ውሃውም ከላይ ሳይፈስስ ዕቃውን ውሃ ባለበት ትሪ ላይ በማስቀመጥ ከታች እንዲመጠጥ ቢደረግ ዘሩ አይታጠብም። ችግኙ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ለስላሳ ቅጠሎች ሌላ አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ መደብ ወይም ወደ ጣሳ ይዛወራል። የሚዛወረውም ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ መሆን አለበት። ለፓንሲ በችግኝና በችግኝ መካከል 20፣ ለካሌንዱላ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተውለት። ካሌንዱላና ስዊት ፒ ግን ዘራቸው ትልቅ ስለሆነ በቀጥታ በሚያድጉበት ቦታ ሊዘሩ ይችላሉ።

አፈርና ዕቃ

የከተማችን አፈር እንደየሰፈሩ ይለያያል። ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋልና ለአበባ ይመቻል። ጥቁሩ አፈር ግን በክረምት ይጣበቃል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ጥቁር አፈር ያላት እናት መደቡን ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብታደርገውና ብስባሽ ብትቀላቅልበት ችግሩ ይቀላል። ለጣሳ የሚሆነው ድብልቅ ደግሞ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ፍጉ ያልበሰለና ትኩስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል።

ግቢ ለሌላትና በኮንዶሚኒየም ለምትኖረው እናት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አንገቱ ተቆርጦ በቂ ነው። ከታቹ አምስት ወይም ስድስት ቦታ በጋለ ምስማር ይበሳ። ብዙ ሰው ውሃ እንዲወርድ በማለት ከሥር ጠጠር ይሞላል፤ ይህ ግን የሚጠቅም አይደለም። ውሃው ከአፈሩ ወደ ጠጠሩ በቀላሉ ስለማይወርድ ጠጠሩ ለሥሩ የሚሆነውን ቦታ መሻማት ብቻ ነው ትርፉ። አፈሩ እንዳይወርድ በቀዳዳው ላይ የተሰበረ የጀበና ገል ጣል ማድረግ ይበቃል።

ሰገነቱ ወደ የት እንደሚያይም ማወቅ ያስፈልጋል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚያየው ሰገነት ፀሐይ ሲጠግብ፣ ወደ ሰሜን የሚያየው ጥላ ይሆናል። በሐምሌ ፀሐይ የነበረው የሰሜን ግድግዳ በኅዳር ጥላ ሆኖ ቢገኝ ሊያስገርመን አይገባም። በዚያ በኩል ያለች እናት ጥላ የሚችለውን ፓንሲን ትምረጥ፤ ካሌንዱላና ስዊት ፒ ግን ቢያንስ የግማሽ ቀን ፀሐይ ይሻሉ።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት

የበጋ አበባ ዋናው ችግር ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚጠጣውን ከልጆች ቀንሶ አበባ ማጠጣት የሚታሰብ አይደለም። ነገር ግን በየቀኑ ከወጥ ቤት የሚደፋ ብዙ ውሃ አለ። ምስር፣ ሩዝና ጎመን የታጠበበት ውሃ በባልዲ ቢጠራቀም ለአምስት ስድስት ጣሳ ይበቃል። ጨው የገባበት የፓስታ ውሃ፣ በረኪና ያለበት የልብስ ውሃና ብዙ ሳሙና የሟሟበት ግን አትክልት ይጎዳልና አይደፋበትም።

ሁለተኛው መላ ጉዝጓዝ ነው። ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ቤት የተጎዘጎዘው ቄጠማ ሲደርቅ ተጠርጎ ይጣላል። ይኸው ደረቅ ሣር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይዞ በአበባው ሥር ቢነጠፍ ፀሐይ የአፈሩን እርጥበት እንዳትወስደው ይከላከላል፤ አረምም አያበቅልም። ግንዱን ግን እንዳይነካው ትንሽ ራቅ ይበል።

የማጠጫው ሰዓት ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ማታ የረጠበ ቅጠል ሌሊቱን በብርድ ሲያድር ሻጋታ ያወጣል። ውሃውም ከቅጠሉ ይልቅ ከሥሩ ይፍሰስ። መጠኑን ለማወቅ ጣትን እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ማስገባት ነው፤ ከውስጥ እርጥብ ከሆነ ለዚያ ቀን አያስፈልገውም። በጣሳ ያለው ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑ መታየት አለበት።

ብርድ፣ ክሽክሽና ቀንድ አውጣ

እንደ ደብረ ብርሃን ባሉት ከፍተኛ ቦታዎች ከባድ ውርጭ ይወርዳል። በአዲስ አበባም ዳርቻ ባሉ ገላጣና ዝቅተኛ ቦታዎች ውርጭ ሊኖር ይችላል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ስለሚወርድ፣ ከግድግዳ አጠገብና ከፍ ባለ መደብ ላይ ያለው አበባ የተሻለ ይድናል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ የሌለበት ምሽት ከሆነ ውርጭ ይጠረጠራል። ያን ጊዜ አሮጌ አንሶላ ወይም ማዳበሪያ ጆንያ በዕንጨት ላይ ተወጥሮ ማታ ይሸፈንና ፀሐይ ስትወጣ ይነሣ። በዚያ ቀን ጠዋት አፈሩን ማጠጣትም ይጠቅማል፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይመልሳልና።

በመስከረም እርጥበት ቀንድ አውጣ ለጋውን ችግኝ ይበላል። ማታ ማታ በባትሪ እየፈለጉ መልቀም ከሁሉ የሚሻል መድኃኒት ነው። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ክሽክሽ በለጋው ጫፍ ላይ ይሰፍራል። ሲጀምር በጣት መጥረግ፣ ከበዛ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ መርጨት ያጠፋዋል። ሕፃናት በሚጫወቱበት ደጅ የፀረ ተባይ መርዝ መርጨት አይመከርም።

ልጆች ባሉበት ቤት

አበባ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የስዊት ፒ ፍሬ አተር ስለሚመስል ሕፃን ሊያታልል ይችላል፤ ሲበላ ግን መርዛማ ነው። ፍሬው ከመድረሱ በፊት እየተቀነጠበ ይጣል፤ ለዘር የተቀመጠውም ይቆለፍበት። በብዙ አጥር ላይ የሚታየው፣ አበባው እንደ መለከት ወደ ታች የሚንጠለጠለው ዛፍም ከቅጠሉ እስከ ፍሬው መርዝ አለበት። ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደርም እንዲሁ አደገኛ ነው። ሕፃን ከእነዚህ አንዱን መብላቱ የታወቀ እንደሆነ የዕፅዋቱን ቁራጭ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ድርጅት መሄድ ይገባል። ታናናሽ ልጆች ላሉበት ቤት ካሌንዱላ፣ ፓንሲና ስናፕድራጎን ይበልጥ የተመቹ ናቸው።

ኅዳር ሲታጠን

ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከፈጀው «የኅዳር በሽታ» መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው። ግቢን ማጽዳቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ የረገፈው ቅጠልና የደረቀው ሣር ግን ለእሳት ባይሰጥ ይሻላል። ጢሱ የሕፃናትንና የአረጋውያንን ሳንባ ያስቸግራል፤ ቅጠሉም የሚመጣው ዓመት ማዳበሪያ ነው። በግቢው ጥግ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቅጠሉ ከአትክልት ልጣጭና ከቡና አተላ ጋር ይደርደር፤ በየጊዜው ውሃ አርከፍክፎ ማገላበጥ ነው። በወራት ውስጥ ጥቁርና ደቃቅ ብስባሽ ይሆናል። ላስቲክና ፌስታል እንዲሁም የበሽታ ምልክት ያለበት ቅጠል አይቀላቀልበት።

አበባው ካበበ በኋላ

አበባ ተክል የሚያብበው ዘር ለመስጠት ነው። የጠወለገው ካልተቆረጠለት ዘር ይይዝና ማበቡን ያቆማል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ የረገፈውን እየቀነጠቡ መጣል አበባውን እስከ የካቲት ያዘልቀዋል። ይህንን ሥራ ከትምህርት ቤት ለሚመለሱት ልጆች መስጠት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ጣሳ ቢኖረውና ቢጠበቅበት ኃላፊነትን ይማርበታል። አባትም ጀሪካኑን በመቁረጥና ሲባጎውን በመወጠር ይርዳ፤ ሥራው የሴት ብቻ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

በመጨረሻም ከጥቂት ምርጥ የካሌንዱላ አበቦች ላይ ዘሩ እስኪደርቅ ይተው። ከደረቀ በኋላ ተለቅሞ፣ በወረቀት ፖስታ ተጠቅልሎ፣ ስሙና ወሩ ተጽፎበት፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። በላስቲክ ከታሰረ ይሻግታል። ከገበያ የሚገዛው የፓንሲ ዘር ብዙ ጊዜ ዲቃላ ስለሆነ ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ የካሌንዱላ ዘር ግን በብዛትም በቀላሉም ስለሚገኝ በሚመጣው መስከረም ለራስም ተርፎ ለጎረቤት ይበቃል። ዘንድሮ አንድ ፖስታ የገዛች እናት ለከርሞ ሦስትና አራት ቤት ዘር ልታድል ትችላለች።

እንግዲህ ጥቂት ዘር፣ አንድ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የምስር እጣቢና በየጠዋቱ 10 ደቂቃ ያላት እህት፣ በብርድ ወራት ደጇን የማታሳምርበት ምክንያት አይኖርም። የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ ሥራው ሊጀመር የሚገባው ያን ጊዜ ነው።